መልህቅ የማይጣልበት ወንዝ፦ የተበከለ ደለልን ሳያውኩ የመጠበቅ አሠራርና የትንሹ አቃቂ ጉዳይ

የተበከለ ወንዝ በተነሳ ቁጥር በአብዛኛው ትኩረት የሚሰጠው ለሚፈሰው ውሃ ነው። የውሃው ቀለም በዓይን ይታያል፤ ሽታው መንገደኛውን አፍንጫ ያስይዛል፤ ናሙናውም በጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ከውሃው ሥር የተኛው ደለል ግን ከፋብሪካና ከጋራዥ፣ ከመኖሪያ ቤትና ከጎዳና ታጥቦ የመጣውን ብረታ ብረትና ኬሚካል ለአሥርተ ዓመታት አከማችቶ የሚይዝ ቢሆንም በዕቅድም ሆነ በሪፖርት ላይ ስሙ እምብዛም አይነሳም።

በአንዳንድ አገሮች ይህ ደለል ራሱን የቻለ የሕግ ጥበቃ ተደርጎለታል። በተወሰኑ የወንዝና የወደብ ክልሎች ማንኛውም ጀልባ ወይም መርከብ ማለፍ ይችላል፤ መልህቅ መጣል ግን አይፈቀድለትም። ክልከላው የወጣው ለመርከቦቹ ደኅንነት ታስቦ ሳይሆን ከሥር ያለው ጭቃ እንዳይታወክ ነው።

በልደታ ክፍለ ከተማ ወይም በሌላ የአዲስ አበባ አካባቢ ለሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳዩ ሩቅ ሊመስለው ይችላል። የከተማዋ ወንዞች ጀልባ የሚያንሳፍፍ ጥልቀት የላቸውም። መልህቅ የሚለው ቃልም ለብዙዎቻችን ከጣና ሐይቅ ወይም ከጅቡቲ ወደብ ጋር እንጂ ከትንሹ አቃቂ ጋር ተያይዞ አይታሰብም። ይሁን እንጂ መልህቅ በሌላው ዓለም በወንዝ ወለል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በእኛ ወንዞች ላይ የኤክስካቫተር አካፋ ሊያደርሰው ይችላል። የወንዝ ዳርቻ ልማት በተስፋፋበት በአሁኑ ወቅት ደግሞ አካፋው ወደ ወንዝ ወለል የሚወርድባቸው አጋጣሚዎች እየበዙ መጥተዋል።

ጭቃው የያዘው

ወደ ወንዝ ከሚገቡት ከባድ ብረታ ብረቶች ውስጥ በውሃ ሟሙቶ ረጅም መንገድ የሚጓዘው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው በደቃቅ የሸክላ አፈር ቅንጣቶችና በበሰበሰ ቆሻሻ ላይ ተጣብቆ ይጓዝና ፍሰቱ በሚረጋበት ቦታ ይሰፍራል። በመሆኑም ድንጋያማና ፈጣን በሆነው የወንዝ ክፍል ደለል አነስተኛ ሲሆን፣ በመታጠፊያዎች፣ ውሃ በሚተኛባቸው ጎድጓዳ ቦታዎችና በግድብ ኋላ ግን ንብብር በንብብር ይከማቻል። የታችኛው ንብብር የቀደመው ዘመን ፍሳሽ ማኅደር ነው ማለት ይቻላል፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ወይም ማጣሪያ ከተከለ በኋላም ቀድሞ የለቀቀው እዚያው ይቆያል።

ጭቃው ከላዩ ጥቂት ወረድ ሲባል ኦክሲጅን የለውም። ኦክሲጅን በሌለበት ሁኔታ ከቆሻሻው መበስበስ የሚመነጨው ሰልፋይድ እንደ እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና ካድሚየም ካሉ ብረታ ብረቶች ጋር ተዋህዶ በቀላሉ የማይሟሟ ውሁድ ይፈጥራል። የጭቃው ጥቁረትና የተበላሸ ዕንቁላል የሚመስለው ሽታው የዚሁ ሂደት ምልክቶች ናቸው። በዚህ መልክ የተያዘው ብረት ከሞላ ጎደል ታስሮ የተቀመጠ ነው። ጭቃው ሲገለበጥና አየር ሲያገኘው ግን ሰልፋይዱ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሃዳል፤ አሲድነት ሊፈጠር ይችላል፤ ታስሮ የነበረው ብረትም በከፊል ወደ ውሃው ይለቀቃል። ለዓመታት በአንድ ቦታ የተኛ ጭቃ በአንድ ቀን ቁፋሮ የብክለት ምንጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የክሮሚየም ጉዳይ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፊያ የሚጠቀሙበት ክሮሚየም በሦስተኛው የኬሚካል ይዞታው ላይ የሚገኘው ዓይነት ሲሆን፣ በአንጻራዊነት መርዛማነቱ አነስተኛ ነው፤ ከጭቃውም ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ስድስተኛው ይዞታ የሚባለው በአንጻሩ በውሃ የሚሟሟና ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ባለበት አፈር ውስጥ አየር ሲገባ የመጀመሪያው ዓይነት በከፊል ወደ ሁለተኛው ሊለወጥ እንደሚችል በኬሚስትሪ ይታወቃል። የአዲስ አበባ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘና በተፈጥሮው ማንጋኒዝ የበዛበት ነው። ለውጡ በየቁፋሮው ይከሰታል ማለት ባይሆንም ሳይለኩ አይከሰትም ብሎ መፈረምም አይቻልም።

ከዚሁ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። የአካባቢው አፈር ማንጋኒዝ ብቻ ሳይሆን ክሮሚየምና ኒኬልም በተፈጥሮው ስላለው፣ በደለሉ ውስጥ የተገኘ መጠን ሁሉ ከፋብሪካ የመጣ ነው ሊባል አይገባም። ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው ከከተማው በላይ ካለውና ፍሳሽ ካልገባበት የወንዙ ክፍል ከተወሰደ ናሙና ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህ ንጽጽር ከጎደለ ሪፖርቱ አንድም ያልበደለን ይከስሳል፣ አንድም የበደለን ነጻ ያወጣል።

ማለፍ የተፈቀደበት፣ መልህቅ የተከለከለበት

በመልህቅ ክልከላ ረገድ ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሚያልፈው የዊላሜት ወንዝ ነው። በወንዙ ዳር እ.ኤ.አ ከ1944 እስከ 1991 የሠራ የእንጨት ማከሚያ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ምሰሶና የባቡር ሐዲድ እንጨት እንዳይበሰብስ የሚነክርበት ክሪዮሶት የተባለ የቅጥራን ዘይት ወደ አፈሩና ወደ ወንዙ ወለል ሰርጎ ገባ። ቦታው እ.ኤ.አ በ1994 በአገሪቱ ቅድሚያ ጽዳት ከሚያስፈልጋቸው የተበከሉ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። የተበከለውን ጭቃ ሁሉ ቆፍሮ ከማውጣት ይልቅ የወንዙን ወለል በአሸዋ፣ ዘይት በሚያመነጩ ቦታዎች ደግሞ ዘይት በሚመጥ ልዩ ሸክላ ለመሸፈንና ከላዩ ድንጋይ ለመደልደል ተወሰነ። የመሸፈኑ ሥራ እ.ኤ.አ በ2005 ተጠናቀቀ።

ሽፋኑ ከተዘረጋ በኋላ ዋናው ጥያቄ እንዳይቀደድ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ሆነ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ክልሉን በደንብ ከለለው። በክልሉ ውስጥ መልህቅ መጣል፣ በወለሉ ላይ ማናቸውንም ነገር መጎተት፣ መቆፈርና መረብ እያስጎተቱ ማጥመድ ተከለከለ።  ከሲያትል ማዶ በቤይንብሪጅ ደሴት በሚገኘው ኢግል ወደብም ተመሳሳይ ደንብ አለ። እዚያም ምክንያቱ ሌላ የእንጨት ማከሚያ ፋብሪካ ያደረሰው ብክለት ሲሆን፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ ወለሉ በንጹሕ ደለል ተሸፍኗል። ወደቡ ፌሪዎች የሚመላለሱበት መሆኑ ደግሞ ክልከላው ትራንስፖርትን እንደማያቆም ያሳያል። በማሳቹሴትስ ግዛት በኒው ቤድፎርድ ወደብም በፒ.ሲ.ቢ የተበከለ ወለል በተሸፈነበት ቦታ ላይ እንዲሁ ተደርጓል።

መልህቅ ተለይቶ የተከለከለበት ምክንያት ከአሠራሩ ይነሳል። መልህቅ ዝም ብሎ ከብደት ብቻ አይደለም፤ ጥርሱ ወለሉን ነክሶ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ንፋስ ወይም ሞገድ መርከቡን ባዞረ ቁጥር ሰንሰለቱ ወለሉን ይጠርጋል። ሲነሳ ደግሞ የነከሰውን ጭቃ ይዞ ይወጣል። በአሸዋ ሽፋን ላይ አንድ መልህቅ የሚከፍተው ቀዳዳ ትንሽ ቢመስልም በየሳምንቱ አሥር ጀልባ ቢቆምበት ሽፋኑ ወንፊት መሆኑ አይቀርም። ጭነት ጀልባዎች ወደ ወለሉ የሚተክሏቸው የብረት እግሮችና ጥልቀት በሌለው ቦታ የሚሽከረከር የሞተር ማዞሪያም ጉዳታቸው ከዚህ አያንስም።

ማንም ሳይነካው ይቀመጥ የሚለው አማራጭ ሁልጊዜ ትክክል ነው ለማለት አይደለም። በኒው ዮርክ ግዛት በሀድሰን ወንዝ የተመረጠው ተቃራኒው መንገድ ነበር። በወንዙ ዳር የነበሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ ከ1947 እስከ 1977 ፒ.ሲ.ቢ ወደ ወንዙ ሲለቁ ቆይተዋል። ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ ከ2009 እስከ 2015 ድረስ 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ደለል ተቆፍሮ ወጥቷል። ሥራው ውሃው በየጊዜው እየተለካ፣ የወጣው ጭቃ ውሃው ተጨምቆና ተጣርቶ፣ ደረቁ በባቡር ወደተዘጋጀለት ማስወገጃ እየተጓጓዘ የተከናወነ ነው።

ከሀድሰን ታሪክ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በወንዙ ላይ ፎርት ኤድዋርድ በተባለ ቦታ የነበረ አሮጌ ግድብ እ.ኤ.አ በ1973 ፈረሰ። ግድቡ ከኋላው ለዓመታት ያቆመው ደለል በፒ.ሲ.ቢ የተበከለ መሆኑ በበቂ አልተጤነም ነበር። ግድቡ ሲነሳ ደለሉ በጎርፍ ወደ ታች ወረደና ብክለቱ በአንድ አካባቢ ተወስኖ መቅረት ሲችል ሰፊውን የወንዝ ክፍል አዳረሰ። የኋላ ኋላ የወጣው የጽዳት ወጪ በከፊል የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

ከገፈርሳ እስከ አባ ሳሙኤል

ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ይነሳል። በላይኛው ተፋሰሱ ላይ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል፤ ውሃው ተጣርቶ ለከተማዋ ነዋሪ ለመጠጥ ይቀርባል። ወንዙ ከዚያ ወርዶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ክፍለ ከተሞች በኩል ወደ አቃቂ ቃሊቲ ያመራል። ከልደታ የሚወርዱ ጅረቶችና የጎርፍ ማስወገጃ ቦዮችም ውሃቸውን ወደዚሁ ወንዝ ይልካሉ። ለመጠጥ የሚቀዳውና ማንም እጁን ሊነክርበት የማይደፍረው አንድ ተፋሰስ ውስጥ ያሉ ውሃዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ከተማው ነው።

ወንዙ በከተማው ውስጥ ሲያልፍ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የመጠጥና ሌሎች ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ተቀብሏል። ልደታን የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ ክፍለ ከተማ የሚያበረክተው ድርሻ ግን ከትልልቅ ፋብሪካዎች ይልቅ የጥቃቅን ምንጮች ድምር ነው፤ የጋራዥ ዘይት፣ የመኪና እጥበት ውሃ፣ የባትሪና የቀለም ትርፍራፊ፣ ከአስፋልት ላይ የሚታጠብ አቧራ፣ ከመጸዳጃ ቤት የሚፈስ ቆሻሻ። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ሁሉም በመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ አብሮ ይወርዳል።

ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙት ከከተማዋ በስተደቡብ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። አባ ሳሙኤል በአገራችን ከተሠሩት የኃይል ማመንጫ ግድቦች ቀዳሚው ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀምሮ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። በ1960ዎቹ ሥራ አቁሞ ለአሥርተ ዓመታት ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም ዳግም ተመርቋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን ግድቡ አንድ ሌላ ሥራ አላቋረጠም፤ የአዲስ አበባን ደለል አቁሞ ይዟል። ከዚያ ያመለጠው በአቃቂ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም በ1952 ዓ.ም ወደተመረቀው የቆቃ ግድብ ይደርሳል።

በሁለቱ ወንዞች ዳር የሚለማው የመስኖ አትክልት ጉዳዩን ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ወደ ገበታ ያመጣዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ በ2002 ያሳተሙት ጥናት በከተማዋ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ የከባድ ብረታ ብረቶችን ክምችት የመረመረ ሲሆን፣ ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይበልጥ ብረቱን እንደሚሰበስቡ አመልክቷል። በወንዙ ዳር ያለው ጥቁር ደለል ለም ስለሚመስል ወደ ማሳ ማውጣት ለገበሬው አጓጊ ነው፤ ለም መሆኑም ሐሰት አይደለም፤ ከለምነቱ ጋር የሚመጣው ነገር ግን በዓይን አይታይም። የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ከሚያቀርቡ ዋና ምንጮች መካከል መሆናቸው ሲታከልበት፣ በላይኛው ክፍለ ከተማ የተቆፈረው ጭቃ የሚያሳስበው የታችኛውን ክፍለ ከተማ ብቻ አይሆንም።

አካፋው ከመውረዱ በፊት

በ2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሸገርን ማስዋብ ፕሮጀክት በ29 ቢሊዮን ብር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያለመ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማቱን ተከትሎ የወንዝ ዳርቻ ሥራዎች በተለያዩ የከተማዋ ክፍሎች ተካሂደዋል። ሥራው ወንዙን ከቆሻሻ መጣያነት የሚያወጣ በመሆኑ ተገቢነቱ አያጠያይቅም። ይሁንና የድጋፍ ግንብ መሠረት ማውጣት፣ ወንዙን ማስፋትና አቅጣጫውን ማስተካከል ሁሉም ጭቃውን ይነካሉ። ክረምት ሲወጣ ወደ ወንዝ ወርደው አሸዋና ድንጋይ የሚያወጡ ወጣቶችም አሉ፤ እነርሱ በእጃቸውና በእግራቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው የሚሠሩ በመሆናቸው ከማሽን ኦፕሬተሩ ይልቅ የሚጋለጡት እነርሱ ናቸው።

ጎርፍ በየዓመቱ ደለሉን ያንቀሳቅሰው የለም ወይ፣ ቁፋሮ ምን ይጨምራል የሚል ጥያቄ ከመሐንዲሶች ሊነሳ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የክረምት ጎርፍ በብዛት የሚወስደው ልል የሆነውን የላይኛውን ንብብር ሲሆን፣ ብዙ ውሃም ስላለው የሚለቀቀውን ያሳሳዋል። ኤክስካቫተር የሚያወጣው ግን ተጨምቆ የቆየውን የታችኛውን ንብብር ነው፤ ሥራውም የሚከናወነው በበጋ፣ ማለትም ወንዙ በቀጠነበትና የታችኛው ገበሬ መስኖ በሚጠልፍበት ወቅት ነው። ይህ ማለት በክረምት ይቆፈር ማለት አይደለም፤ ያ ለሠራተኛውም ለግንቡም አደጋ ነው። የሚሠራበትን ቦታ በአፈር ወይም በአሸዋ ጆንያ ከፍሰቱ ለይቶ፣ ውሃውን በጎን አሳልፎ በደረቅ መቆፈር የተሻለው መንገድ ነው።

በሕግ ረገድ መሠረቱ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፣ በ1995 ዓ.ም የወጡት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ እንዲሁም በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ተከታታይ እርምጃዎች ነበሩ። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ የበከለ አካል እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲሸፍን የሚያስገድድ መርሕ አስቀምጧል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም የወንዝ ዳርቻ ልማትና የብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180/2017 አውጥቷል።

እነዚህ ሕጎች በዋናነት ያተኮሩት ወደ ወንዙ በሚለቀቀው ላይ ነው። ትላንት ተለቅቆ ዛሬ ወለሉ ላይ የተኛውን ማን ይለካዋል፣ ማንስ እንዲነካ ይፈቅዳል የሚለው በአሠራር ደረጃ ተለይቶ ቢቀመጥ ለክፍለ ከተማና ለወረዳ ባለሙያ ሥራውን ያቀልለታል። የፖርትላንዱ ደንብ በቃላት አጭር ነው፤ ክልሉን በካርታ ለይቶ የማይደረገውን ይዘረዝራል። ለትንሹ አቃቂም ደለል በብዛት የተከማቸባቸው መታጠፊያዎች በካርታ ተለይተው፣ በእነዚያ ቦታዎች ያለ ናሙና ውጤት ቁፋሮም ሆነ አሸዋ ማውጣት እንዳይፈቀድ ማድረግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሌላው የወንዙ ክፍል ለሥራ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የሚወጣው ጭቃ መድረሻም በጨረታ ሰነድ ላይ መታየት ይኖርበታል። ተቋራጩ "ትርፍ አፈር ማንሳት" በሚል አንድ መስመር ከተዋዋለ ጭቃው የሚሄደው መኪናው በቀረበው ቦታ ነው፤ ለግቢ መሙያ፣ ለችግኝ ማፍያ ወይም ተመልሶ ለወንዙ ዳር። በናሙና የተበከለ መሆኑ የተረጋገጠ ደለል ውሃው ወደ ወንዙ ሳይመለስ ተጠንፍፎ፣ ሥሩ ውሃ በማያሳልፍ ነገር በተነጠፈ ጉድጓድ መቀበር አለበት። የዚህ ዋጋ በጨረታው ካልተያዘ በሥራው መሐል የሚከፍለው አይገኝም።

የመልህቅ ነገር በቀጥታ ሊነሳ የሚችልበት ቦታ ቢኖር አባ ሳሙኤል ነው። ሐይቁ በእንቦጭ አረም የሚጠቃ እንደመሆኑ አረሙን የሚያነሱ ጀልባዎችና ማሽኖች ሥሩን ከጭቃው ጋር ሊጎትቱ ይችላሉ፤ የመዝናኛ ጀልባ ሐሳብም አንድ ቀን ቢቀርብ አይገርምም። በዚያ ጊዜ ጀልባ በተንሳፋፊ ምሰሶ ላይ እንዲታሰር እንጂ መልህቅ እንዳይጥል ከመጀመሪያው መወሰን ይቻላል። ከጀልባው ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ደለል ለማስወጣት የግድቡን የታች በር መክፈት ነው። የፎርት ኤድዋርድ ግድብ ያስከተለው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ከግድቡ በታች ያሉት የአዋሽ ተጠቃሚዎች አስቀድሞ ሊነገራቸው፣ ደለሉም አስቀድሞ ሊለካ ይገባል።

ናሙናው የሚወሰድበት ጊዜም ውጤቱን ይለውጠዋል። በግንቦት የተለካው የላይኛው ንብብር በመስከረም በቦታው ላይገኝ ይችላል፤ ስለሆነም ለበጋ ቁፋሮ የሚሆነው ናሙና ጎርፉ ካለፈ በኋላ በጥቅምት፣ ከላይ በአካፋ ተዝቆ ሳይሆን ቁፋሮው እስከሚደርስበት ጥልቀት በቱቦ ተወግቶ የሚወጣው ነው።